ስልክ ማጥፋት ሰንበት አይሆንም

ስለ ሥራና ስለ ስልክ በተነሣ ጨዋታ ሁሉ አንድ ምክር አይጠፋም፦ ስልክህን አጥፋና ዕረፍ። ምክሩ በቅንነት የሚሰጥ ነው፤ ሰሚውም ራሱን ነቅንቆ ይቀበለዋል። ነገር ግን ቅዳሜ ማታ ስልኩን ያጠፋ ሠራተኛ እሑድ ማታ ሲከፍተው፣ በመሥሪያ ቤቱ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ነገሩ ሁሉ ያለ እሱ አልቆ ያገኘዋል። አለቃው ጠይቋል፣ ባልደረቦቹ መልሰዋል፣ የሰኞው ሥራ ተከፋፍሏል፤ የእሱ ዝምታ እንደ ስንፍና ተቆጥሮ ይጠብቀዋል። ይህ ሰው ሥራ አልሠራም፤ ዐርፏል ለማለት ግን አፍ አይደፍርም። እንግዲህ መጠየቅ ያለበት ይህ ነው፦ ዕረፍት አንድ ሰው ለብቻው ሊይዘው የሚችል ሀብት ነው ወይስ ብዙዎች አብረው ካልጠበቁት የማይገኝ? የዚህ ጽሑፍ መልስ ሁለተኛው ነው። የሥራና የኢንተርኔት ኑሮ መቀላቀል ከሁሉ በላይ የጎዳው አብረን የምናርፍበትን ሰዓት ነው፤ አብሮ የጠፋን ነገር ደግሞ እያንዳንዱ በግል ብርታቱ መልሶ ሊያመጣው አይችልም።

የሰንበትን ትእዛዝ ለግል ጤና እንደተሰጠ ምክር አድርጎ ማንበብ የዘመናችን ልማድ ሆኗል። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 20 የተጻፈው ትእዛዝ ግን በቤቱ ጌታ ብቻ አያበቃም፤ ወንድ ልጁንና ሴት ልጁን፣ አገልጋዮቹን፣ ከብቱን፣ በደጁ ያለውን እንግዳ ሳይቀር ይቆጥራል። ዘዳግም ምዕራፍ 5 ደግሞ ምክንያቱን ሲሰጥ የግብፅን ባርነት ያስታውሳል። ጌታው ተጋድሞ አገልጋዩ ውኃ የሚቀዳ ከሆነ ሰንበት አልተጠበቀም፤ ሸክሙ ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው ዞረ እንጂ። በአገራችን ታሪክም ሰንበት የአደባባይ ጉዳይ ነበር። አባ ኤዎስጣቴዎስ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ቅዳሜም እንደ እሑድ ይከበር ብለው በማስተማራቸው ብርቱ ተቃውሞ ገጠማቸው፤ ከአገር ወጥተውም በአርመን ምድር ዐረፉ። ደቀ መዛሙርታቸው ለረጅም ዘመን ተገፍተው ኖረው፣ እ.ኤ.አ. በ1450 በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በደብረ ምጥማቅ የተደረገው ጉባኤ የሁለቱን ሰንበታት መከበር አጸና። ያ ሁሉ ክርክር ሕዝቡ አብሮ የሚጠብቀው ቀን የትኛው ነው የሚል ነበር እንጂ፣ እያንዳንዱ ለራሱ የሚመቸውን ይምረጥ የሚል አልነበረም።

የጋራው ቀን ሲፈርስ ምን እንደሚከተል በአንድ ትልቅ አገር ተሞክሮ ታይቷል። የሶቪየት መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1929 የፋብሪካ ማሽኖች አንድም ቀን ሥራ እንዳይፈቱ ብሎ የሰባቱን ቀን ሳምንት በአምስት ቀን ተካው። ሠራተኛው በአምስት ምድብ ተከፈለ፤ እያንዳንዱ ምድብ አራት ቀን ሠርቶ አምስተኛውን ያርፋል፤ የአንዱ ምድብ የዕረፍት ቀን ግን ከሌላው ጋር አይገጥምም። በቁጥር ከተሄደ ሠራተኛው አተረፈ፤ ቀድሞ ከሰባት ቀን አንዱን ያርፍ የነበረው አሁን ከአምስት አንዱን ያርፋል። ቅሬታው ግን በረታ። ባል ሲያርፍ ሚስት ፋብሪካ ናት፤ ልጆች ትምህርት ቤት ናቸው፤ ወዳጅ ዘመድ በየራሱ ቀን ተበትኗል። እ.ኤ.አ. በ1931 የጋራ የዕረፍት ቀን ያለው የስድስት ቀን ሳምንት ተተካ፤ በ1940 ደግሞ ሰባቱ ቀንና እሑድ ተመለሱ። ለአሠራሩ መቅረት ያለ ፋታ የሠሩት ማሽኖች ብልሽትም ድርሻ እንደነበረው አይካድም። ሆኖም ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ጥርት ያለ ነው፦ የዕረፍት ቀን በቁጥር ጨምሮ ዕረፍት ራሱ ሊቀንስ ይችላል።

ዛሬ ያንኑ መበታተን ለማምጣት አዋጅ አላስፈለገም፤ በየኪሳችን ያለው ስልክ በቂ ሆነ። የምጣኔ ሀብት ሊቁ ጆን ሜይናርድ ኬንስ እ.ኤ.አ. በ1930 ባሳተመው ድርሰቱ፣ በመቶ ዓመት ውስጥ ሰው በሳምንት 15 ሰዓት ሠርቶ ይበቃዋል ብሎ ገምቶ ነበር። መቶው ዓመት ሊሞላ ነው፤ የማሽኑ አቅም እሱ ካሰበው ባያንስም 15 ሰዓት ግን ለብዙው ሰው ሩቅ ነው። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ አንዱ ግን ሥራ ድንበሩን ማጣቱ ነው። ቢሮ ሲዘጋ፣ ገበያ ሲፈታ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ሥራ ለሁሉም በአንድነት ያበቃ ነበር። መዝናኛውም እንደዚሁ፤ ጋዜጣ የመጨረሻ ገጽ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ2006 ኤዛ ራስኪን የተባለ ባለሙያ ገጹ ሳያልቅ ወደ ታች እየወረደ የሚቀጥልበትን አሠራር ፈጠረ፤ በኋላ ራሱ ተጸጽቶበታል። መጨረሻ የሌለው ገጽ መጨረሻ ከሌለው ሥራ ጋር በአንድ መስተዋት ላይ ተገናኙ። ከዚህም በላይ፣ አንዱ ሲዝናና ሌላው እየሠራለት ነው። እኩለ ሌሊት ላይ ቲክቶክ ላይቭ ገብቶ ስጦታ የሚለምነው ወጣት፣ እሑድ ጠዋት ምግብ በሞተር የሚያደርሰው ልጅ፣ የኦሪቱ ዝርዝር አገልጋይ ብሎ ከጠራቸው ሰዎች ወገን ናቸው።

በዚህ ላይ የሚነሣው የመጀመሪያው ተቃውሞ ስልክ ራሱ ዕረፍት የሆነላቸው ሰዎች አሉ የሚል ነው፤ እውነትም ነው። በሪያድ ወይም በዱባይ በሰው ቤት ለምትሠራ ኢትዮጵያዊት፣ በሳምንት የምታገኛት የእናቷ ድምፅ የምትመጣው በስልክ ነው። እሷን ስልክሽን አጥፊ ማለት ጭካኔ ይሆናል። ይህ ግን ክርክሩን ያጠናክረዋል እንጂ አያፈርሰውም። እሷን የሚያሳርፋት ዕቃው ሳይሆን በዚያች ሰዓት የሚጠብቃት ሰው መኖሩና ሰዓቲቱ በአሠሪዋ አለመነካቷ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የዓለም ሥራ ድርጅት 189ኛ ስምምነት ለቤት ሠራተኞች በሳምንት ቢያንስ የ24 ተከታታይ ሰዓት ዕረፍት እንዲሰጥ የደነገገው ይህን ስለሚያውቅ ነው። ስለዚህ ጠላቱ ስልክ አይደለም፤ ጠላቱ በዕረፍት ሰዓት ሌላውን ለማዘዝ ፈቃድ ያለን መምሰሉ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከድህነት በኩል ይመጣል፦ ዕረፍት የጠገበ ሰው ወሬ ነው፤ የቀን ሠራተኛ ካልሠራ አይበላም፤ አገራችንም በበዓላት ብዛት ምርቷ ቀንሷል የሚል ነው። የበዓላቱ ብዛት ሊያከራክር ይችላል፤ የሥራና የዕረፍት ልክ በየዘመኑ ሲመረመር ኖሯል። የድሃው ነገር ግን ወደ ተቃራኒው ድምዳሜ ይመራል። ዕረፍት ለየግሉ ምርጫ ሲተው መጀመሪያ የሚያጣው ድሃው ነው፤ ባለጸጋው ስልኩን አጥፍቶ ቢሾፍቱ ይወርዳል፣ ሾፌሩ ግን አንድ ጥሪ ባለፈው ቁጥር ደንበኛው ወደ ሌላ ሾፌር ይሄድበታል። ሁሉም አብረው ካላቆሙ ማንም ለብቻው ማቆም አይችልም፤ ያቆመው ይጎዳልና። ደካማውን ከዚህ ውድድር ሊያወጣው የሚችለው ሁሉንም እኩል የሚያስር የጋራ ሕግ ብቻ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ ይከብዳል፦ ክርስቲያኑ፣ ሙስሊሙ፣ ቤተ እስራኤሉና ሃይማኖት የሌለው በየትኛው ቀን ይስማማሉ? በቁርኣን 62ኛው ምዕራፍ ላይ የጁምዓ ጥሪ ሲሰማ ንግድ እንዲተው፣ ጸሎቱ ሲፈጸም ደግሞ ሰዎች ወደ ሥራቸው እንዲበተኑ ታዟል። ይህ ሙሉ ቀን አይደለም፤ ግን ለሁሉም በአንድ ጊዜ የሚመጣ ማቆሚያ ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶቻችን ዓርብ ዕለት የምሳ ሰዓቱን ከሌላው ቀን ሲያረዝሙ፣ ለጸሎት የማይሄደውም ሠራተኛ አብሮ ያርፋል፤ ባለጉዳዩም ያውቀዋል፤ ማንም ለምን ቢሮ አልተገኘህም አይባልም። መስማማት ማለት አንድ እምነት መያዝ አይደለም፤ አንዱ የሌላውን ዕረፍት አውቆ አለማቋረጥ ነው።

ለዚህ ደግሞ መነሻ አናጣም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 አድርጎ፣ የ24 ሰዓት ያልተቋረጠ ሳምንታዊ ዕረፍት ያዛል፤ ያም ዕረፍት በተቻለ መጠን ለድርጅቱ ሠራተኞች ሁሉ በአንድ ጊዜ እንዲሰጥ ይላል። እሑድ ከሰዓት በግሩፕ የተላከ ትእዛዝ ያንን ያልተቋረጠ የሚለውን ቃል ይቆርጠዋል። ፈረንሳይ ከጥር 2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 50ና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያላቸው ድርጅቶች ከሥራ ሰዓት ውጭ ከመልእክት ስለ መላቀቅ ከሠራተኞቻቸው ጋር እንዲደራደሩ አድርጋለች። እኛ ግን ሕግ እስኪጨመር መጠበቅ የለብንም። አለቃ የሆንክ፣ የእሑዱን መልእክት ጽፈህ ሰኞ ጠዋት ላከው። የግሩፕ አስተዳዳሪ የሆንሽ፣ ቅዳሜ ማታ ግሩፑን ዝጊው፤ ሰኞ ክፈቺው። ባልደረባ የሆንን ሁሉ፣ እሑድ ያልመለሰውን ሰው ሰኞ ምክንያት አንጠይቀው። ዕረፍት ከመፈለጋችን በፊት ለሌላው እንስጥ፤ ለእኛም የሚደርሰን በዚያ መንገድ ብቻ ነው።