ንጽሕናው ለማን ነው?

በጎ አሳብ ያለው ሰው በጎ አሳቡ ብቻ ይበቃዋልን? ይህን ጥያቄ ብዙ ጊዜ በትልልቅ ጉዳዮች ላይ ስንከራከርበት እንውላለን። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ በጣም ትንሽ ወደ ሆነ ነገር ልናወርደው አስበናል፤ ይኸውም በየሳሎኑ በሚቀመጠው የዓሣ መስታወት፣ አኳሪየም በምንለው ገንዳ ውስጥ ጠልቆ ወደሚሠራው ማጣሪያ ነው። በትልቅ ጉዳይ ላይ የተከራከረ ሰው ተሸንፎም ያሸነፈ ሊመስለው ይችላል፤ በዓሣ ገንዳ ላይ ግን የክርክሩ ውጤት በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ከውኃው ላይ ይታያል።

ማጣሪያው፣ ብዙዎቻችን ፊልተር የምንለው፣ አሠራሩ የተወሳሰበ አይደለም። ውኃ የማያስገባ ትንሽ ሞተር አለው፤ ሞተሩ ማግኔት ያለባትን ትንሽ ክንፍ ያሽከረክራል፤ ክንፏም ውኃውን በስፖንጁ በኩል ስባ መልሳ ወደ ገንዳው ትተፋዋለች። የዓሣው ኩስ፣ የተረፈው ምግብና የበሰበሰው ቅጠል ከስፖንጁ ላይ ይቀራል። ይህንን ዓይን ያለው ሁሉ ያየዋል። ዓይን የማያየው ሥራ ግን ከዚህ ይበልጣል። ዓሣ በሚተነፍስበት ስንጥቡ በኩል አሞንያ የሚባል መርዝ ወደ ውኃው ያወጣል፤ ኩሱና የተረፈው ምግብም ሲበሰብሱ ይህንኑ መርዝ ይጨምራሉ። በስፖንጁ ቀዳዳዎች ውስጥ ተጣብቀው የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሞንያውን ወደ ናይትራይት ይለውጡታል፤ ናይትራይቱ ደግሞ ወደ ናይትሬት ይለወጣል። አሞንያ ስንጥቡን ያቃጥላል፤ ናይትራይት ወደ ደሙ ገብቶ ደሙ ኦክሲጅን እንዳይሸከም ያደርጋል፤ ናይትሬት ግን ካልተጠራቀመ በስተቀር ጉዳቱ ቀላል ነውና የውኃውን ከፊል በየጊዜው በመለወጥ ይቀነሳል። እነዚህ ባክቴሪያዎች በአዲስ ገንዳ ውስጥ በዝተው ሥራቸውን በሚገባ እስኪይዙ ድረስ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል።

አሁን አንድ ትጉህ ወጣት እናስብ። እሑድ እንግዳ ይመጣል ተብሏል። ወጣቱ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ማጣሪያውን ያወጣል፤ ስፖንጁ ጠቁሮና አተላ መስሎ ያገኘዋል፤ ይጸየፈዋል። ቧንቧ ከፍቶ፣ ሳሙና ጨምሮ፣ አንዳንዱም በረኪና ጠብ አድርጎበት አዲስ እስኪመስል ያሸዋል። እሑድ ውኃው እንደ ምንጭ ጠርቶ እንግዶቹ ያደንቁታል። ማክሰኞ ዓሦቹ ከውኃው አናት ላይ ተሰብስበው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ውኃው ግን አሁንም ጥሩ ነው፤ አሞንያ ቀለም የለውምና። በቧንቧ ውኃ ውስጥ ያለው ክሎሪን የተጨመረው ጀርም እንዲገድል ነው፤ ይህ የሚጎዳ ነው፣ ያ የሚጠቅም ነው ብሎ አይለይም። ሳሙናውና በረኪናው ደግሞ ይብሳሉ።

ይህ ወጣት ክፉ ነውን? አይደለም። ሰነፍ ነውን? ከቶ አይደለም፤ እንዲያውም ከቤቱ ሰው ሁሉ የደከመው እርሱ ነው። ይሁን እንጂ ንጽሕናውን የለካው በምን ነበር ብለን ብንጠይቅ በገዛ ዓይኑና በእንግዶቹ ዓይን ነበር። ዓሣው የሚኖርበትን ውኃ በዓሣው ስንጥብ በኩል አላሰበውም።

የሚገርመው ይህን ጥበብ እናቶቻችን ከጓዳቸው ሳይወጡ ያውቁታል። እንጀራ የምትጋግር ሴት ከሊጡ ላይ እርሾ ታስቀራለች፤ ቡሃቃዋንም በሳሙና ፈግፍጋ እርሾዋን የምታጠፋ ባለሙያ አላየንም። ይህችው ሴት ለጠላ የምታሰናዳውን ጋን ግን በግራዋ አጥባ፣ በወይራ አጥና ነው የምትጠነስስበት። ባለሙያነቷ ብዙ በማጠቧ ወይም ጥቂት በማጠቧ አይደለም፤ የቱ ዕቃ ሕያው ነገር እንደ ያዘና የቱ እንዳልያዘ በማወቋ ነው።

አንዳንድ ጓደኞቻችን በዚህ ላይ ሲቃወሙን፣ «ሳያውቅ ያደረገው ነውና ሊወቀስ አይገባም» ይላሉ። ይህ አነጋገር ግማሽ እውነት አለው። እ.ኤ.አ. በ1850 ሮበርት ዋሪንግተን የተባለ እንግሊዛዊ የኬሚስትሪ ሊቅ ሁለት ወርቃማ ዓሦች ከውኃ ተክልና ከቀንድ አውጣ ጋር በአንድ ዕቃ ውስጥ እንዴት ተደጋግፈው እንደ ኖሩ ጽፎ አሳተመ። ስለ ባክቴሪያዎቹ ሥራ ግን በዚያን ጊዜ የሚያውቅ አልነበረም። ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ የተባለው ሩሲያዊ ተመራማሪ እነዚህን ባክቴሪያዎች ለይቶ ያሳየው ከ40 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1890 ነው። ከዚያ በፊት የዓሣውን ዕቃ አጥቦ ዓሣውን ያጣ ሰው ማንን ሊጠይቅ ይችል ነበር? ዛሬ ግን ማንም ዓሣ አርቢ ይህን ይነግረናል። መጠየቅ እየቻለ ያልጠየቀ ሰው «አላወቅሁም» ሲል፣ በእኛ አስተያየት፣ ከፊሉ «ማወቅ አላስፈለገኝም» ማለቱ ነው።

ሌላው ተቃውሞ «ምን አለበት፣ ዓሣ አይደለም እንዴ?» የሚለው ነው። ለዚህ መልሳችን አጭር ነው። በወንዝ ያለውን ዓሣ ቆሻሻውን ወንዙ ይወስድለታል፤ በሐይቅ ያለውንም የሐይቁ ስፋት ያቀልለታል። እኛ ግን ዓሣውን ከወንዝ ሥራ ለይተን በአንድ ክንድ መስታወት ውስጥ ዘጋንበት። እንግዲህ የወንዙ ሥራ በእኛ ላይ ወድቋል ማለት ነው። ማጣሪያውን ስናጸዳ ለዓሣው ቸርነት እያደረግን አይደለም፤ የወሰድንበትን እየመለስን ነው። ቸርነት የሚያደርግ ሰው ደስ ባለው ጊዜና ደስ ባለው መንገድ ሊያደርግ ይችል ይሆናል፤ ባለ ዕዳ ግን በእህል የተበደረውን በአበባ ልክፈል አይልም። (ዓሣውን መጀመሪያውኑ ባንዘጋውስ? የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ገንዳው ሳሎን ከገባ በኋላ ለተነሣ ሰው ዓሣውን ከመመገብ አያድነውም።)

ታዲያ ዕዳው እንዴት ይከፈላል? በመጀመሪያ ማጣሪያውን ከሶኬቱ መንቀል ነው። ከገንዳው ውኃ በባልዲ ይቀዳና ስፖንጁ እዚያ ውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ ይጨመቃል። የባልዲው ውኃ ጭቃ ይመስላል፤ ኩልል እስኪል ድረስ ግን መቀጠል አያስፈልግም፤ ውኃ በቀላሉ የሚያሳልፍ ከሆነ ስፖንጁ ነጣም ጠቆረም ግድ የለም። ሁለት ስፖንጅ ያለው አንዱን ዛሬ፣ ሌላውን ከሁለት ሳምንት በኋላ ያጥባል። አሮጌው ካልተበጣጠሰ በአዲስ አይለወጥም። ክንፏንና የምትሽከረከርበትን ጎድጓዳ ግን በጥርስ ብሩሽ መፈግፈግ ይገባል፤ የሚያዳልጠው ዝቃጭ እዚያ ሲጠራቀም ሞተሩ ይንተፋተፋል፣ ውኃውም ይደክማል። ጽዳት ወዳዱ ወጣታችን እዚህ ላይ ልቡ እስኪረካ ይፈግፍግ! ሥራው ሁሉ ከሩብ ሰዓት አይበልጥም፤ ባይበልጥም ይሻላል፤ ባክቴሪያዎቹ ኦክሲጅን የሚፈልጉ ናቸውና። ስለዚህም መብራት ለብዙ ሰዓት ጠፍቶ ሲመጣ ስፖንጁን በገንዳ ውኃ አለቅልቆ ማስነሣት ይበጃል፤ አለዚያ በውስጡ ሲበሰብስ የቆየው ሁሉ በአንድ ጊዜ ዓሦቹ ላይ ይለቀቃል።

ይህን ያነበበ ሰነፍ ሰው ደግሞ ደስ እንዳይለው እንፈራለን። «ባክቴሪያዎቹን አልነካም» እያለ ወራት የሚያሳልፍ አለና። የተደፈነ ስፖንጅ ውኃ አያሳልፍም፤ ውኃ ካላለፈ ባክቴሪያዎቹም ታፍነው ያልቃሉ። ጊዜው መድረሱን የሚነግረን ከማጣሪያው አፍ የሚወጣው ውኃ ነው፤ ጉልበቱ ሲቀንስ ሦስት ሳምንት ይሁን አምስት ሳምንት፣ ያን ጊዜ መነሣት ነው።

ለዕረፍት ወደ አገር ቤት የምትሄዱም ጽዳቱን ለመንገድ ዋዜማ አታቆዩት፤ ከአንድ ሳምንት በፊት አድርጉትና ዓሦቹን እያያችሁ ሰንብቱ። ቤት ለሚቀረው ታናሽ ወንድም ምግቡን በትንሽ በትንሹ ከፋፍሉለት፤ ማጣሪያው ላይም «ሳሙና አይነካውም» ብላችሁ ጻፉ። የባልዲውን ጥቁር ውኃ ግን አትድፉት፤ በጓሮ ያለው ጎመን ይወድደዋል።