ለመፈታት የምትገዛ ሞተር

አዲስ አበባ ውስጥ የመኪናውን ስፖኪዮ የተሰረቀ ሰው ከጓደኞቹ የሚሰማው ምክር ሁሌም ያው ነው፦ «ሶማሌ ተራ ሂድና የራስህን መልሰህ ግዛው።» እንስቃለን። የምንስቀው አሮጌ ዕቃ ሲገዛ «ከየት መጣ?» ተብሎ እንደማይጠየቅ ስለምናውቅ ነው። ይሠራል? ስንት ነው? አለቀ።

አሮጌ ሞተር ሳይክል ያለው ሰው ግን ሌባ በሌለበትም ከዚህ ጥያቄ አያመልጥም። ፋብሪካው ማምረት ካቆመ በኋላ ዕቃው የሚገኘው ከሌላ ሞተር ላይ ተፈትቶ ነው። አስመስለው የሚሠሩ አሉ፤ ለጓርኒሲዮንና ለጎማ ነገር ይበቃሉ። ለዋናው አካል ግን ብዙ ጊዜ አንዷ እንድትነሳ ሌላዋ መፈታት አለባት። እኔ የምተዳደረው ሶፍትዌር በመጻፍ ነው። እዚያ የሌላ ሰው ኮድ ካስፈለገኝ እቀዳለሁ፣ የሱም እዚያው ይቀራል፤ የወሰድኩት ነገር የማንንም አያጎድልም። ሞተር ላይ እንዲህ ያለ ነገር የለም።

የኔዋ ያማሃ ዲቲ 125 ናት፣ በፈረንጆቹ 1970ዎቹ መጨረሻ የተሠራች፣ ቱ ስትሮክ። የዘሯ መጀመሪያ ዲቲ-1 የወጣችው በ1968 እ.ኤ.አ. ነው፤ አስፋልቱንም ጭቃውንም እንድትችል ተብላ። የኔዋም ሁለቱንም ትችላለች። ችግሯ ቤንዚን ታንጠባጥባለች። ጠዋት በረንዳው ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ጎማዎቹን ነበር። በ2001 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ቤንዚን ላይ 5 በመቶ ኢታኖል መቀላቀል ተጀምሮ፣ በኋላ ወደ 10 በመቶ ከፍ ብሎ ነበር። ኢታኖል ደግሞ ለሱ ታስቦ ያልተሠራን የድሮ ጎማ ያሳብጣል፣ ይሰነጥቃል። ቱቦውን ቀየርኩ፣ የመክፈቻውን ጎማ ቀየርኩ፤ ወይ ፍንክች። የቤንዚን ፈተናው እርጥቡ ቦታና የሚያፈሰው ቦታ አንድ አለመሆናቸው ነው። ከላይ ይወጣል፣ ብረቱን ተከትሎ ይወርዳል፣ ዝቅ ያለው ብሎን ጫፍ ላይ ይንጠለጠላል። አንተ ያንን ብሎን ስታጠብቅ ትውላለህ። ስለዚህ ካርቡሬተሩን አጥቤ፣ አድርቄ፣ የሕፃን ፓውደር ነሰነስኩበትና ቤንዚኑን ከፈትኩ። ፓውደሩ ከላይ እስከ ታች ነጭ እንደሆነ ቀረ፤ የረጠበችው ከሥር ያለችው ቀጭን የትርፍ መውጫ ብቻ ናት። ስለዚህ ችግሩ ከውስጥ ነው። ካርቡሬተር ውስጥ ልክ እንደ ሮቶ ውሃ፣ ሲሞላ ከፍ ብሎ የሚዘጋ ተንሳፋፊ አለ፤ የሚዘጋው አንዲት መርፌ ወደ መቀመጫዋ ገፍቶ ነው። የአጎቴ ልጅ ከዱባይ ስትመጣ አዲስ መርፌ አመጣችልኝ። አሁንም ያፈሳል። ለካ ከኔ በፊት የነካካው ሰው የመቀመጫውን ጥርስ በልቶት፣ ማጣበቂያ ለድፎበት ኖሯል፤ ቤንዚኑ የሚሾልከው በመርፌዋ ሳይሆን በመቀመጫው ዙሪያ ነው። ያስፈለገኝ እንግዲህ ሙሉ ካርቡሬተር ነው። ማለትም ሌላ ዲቲ።

ደብረ ብርሃን አንዲት እንዳለች ሰማሁና ሄድኩ። የሴትዮዋ ባል የጤና ባለሙያ ነበሩ፤ በየገጠር ቀበሌው ሲዞሩባት ኖረው፣ መሥሪያ ቤቱ በጨረታ ሲያስወግዳት ገዟት። እሳቸው ካረፉ ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ ሞተሯም ከዚያ ወዲህ ሸራ ለብሳ ቆማለች። የቤንዚን ታንከሯ ላይ ሰውዬው በነጭ ቀለም፣ በራሳቸው እጅ «ተመስገን» ብለው ጽፈውባታል። ሞተሩ ነክሷል፣ ጎማው አልቋል፤ ካርቡሬተሩ ግን ንጹሕ ነው። ዋጋ ስጠይቅ የጠሩልኝ ከጠበቅኩት በታች ነበር። ወዲያው ምክንያቱን ነገሩኝ፦ «ነጋዴ ከዚህ በላይ ሰጥቶኝ ነበር። ፈትቶ ሊሸጣት እንደሆነ ሳውቅ እምቢ አልኩት። የሚነዳት ሰው ከሆነ ግን በዚህ ትሂድ።»

አብሮኝ የሄደው ጓደኛዬ፣ ዩኒቨርሲቲ አብረን የተማርን፣ በር ላይ ይዞኝ ወጣ። «ሁለት የማይሠሩ ሞተሮች አሉ» አለኝ። «ይህችን ብትፈታት አንድ የምትሠራ ትኖራለች። አንድ ከዜሮ ይበልጣል። ደግሞ ሸጠው ብሩን ከተቀበሉ በኋላ ምን አገባቸው?»

ሒሳቡ ትክክል ነው፤ የሚቆጥረው ግን ሞተሮችን ብቻ ነው። ንብረት ከተሸጠ በኋላ የገዢው ነው የሚለውንም በመርህ ደረጃ እቀበላለሁ። ሴትዮዋ ምንም ሳይሉ ዋጋ ብቻ ጠርተው ቢሆን ኖሮ ምን ላደርጋት እንዳሰብኩ ሳልነግራቸው እገዛ ነበር፤ ገበያ ላይ ዝም ያለ ሻጭ ጉዳዬ ብሩ ነው እያለ ነው። እሳቸው ግን ዝም አላሉም። ከዋጋው ላይ ቆርጠው የተዉት ብር ለአንድ ነገር የተከፈለ ነው፦ ሞተሯ ተነስታ መንገድ ላይ እንድትታይ። «አዎ፣ እነዳታለሁ» ብዬ በዚያ ዋጋ ብወስዳት ልዩነቱን ከቦርሳቸው አወጣሁ ማለት ነው። «ስሜት እንጂ ጥቅም አይደለም» የሚል ሰው ካለ፣ ስሜቱ በብር ተተምኖ ከፊቴ ተቀምጧል እለዋለሁ።

ገብቼ ነገርኳቸው። ልፈታት እንደሆነ፣ ካርቡሬተሩ የኔዋን እንደሚያስነሳ፣ ነጋዴው የሰጠውን እንደምከፍል። ጥቂት ዝም አሉና «እውነቱን ስለነገርከኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ልጄ፤ ግን አልሸጥልህም» አሉኝ። ጓደኛዬ እስከ አዲስ አበባ፣ 130 ኪሎ ሜትር ሙሉ፣ አኮረፈኝ።

ከሁለት ወር በኋላ መርካቶ አንድ የሞተር ዕቃ ሱቅ ግድግዳ ላይ «ተመስገን» የሚል ታንከር ተሰቅሎ አየሁ። ካርቡሬተሩ መስታወቱ ውስጥ ተቀምጧል። የገዛቸው ሰው እነዳታለሁ ብሎ፣ በዚያው ዝቅ ባለው ዋጋ ወስዷታል ማለት ነው። ምናልባትም ከልቡ አስቦ፣ የነከሰ ሞተር ማስነሳት ምን ያህል እንደሚያስወጣ ሲያይ ተስፋ ቆርጦ ይሆናል፤ አላውቅም። የእኔ እውነት መናገር ግን በውጤት ከተመዘነ ምንም አላመጣም። ሞተሯ ተፈታለች፣ ሴትዮዋ ከነጋዴው ሊያገኙት የሚችሉት ብር ቀርቷል፣ የኔዋም ታንጠባጥባለች። ቢሆንም ሐሳቤን አልቀየርኩም። እኔ ዕዳ የነበረብኝ ውጤቱን ማሳመር ሳይሆን በእሳቸው ፋንታ አለመወሰን ነበር።

ባለሱቁ ዋጋውን ነገረኝ፤ አቅሜ ውስጥ ነው። አሁንስ? የዋሸሁት የለም፣ ብተወው ደግሞ ዕቃው ተመልሶ ሞተሯ ላይ አይገጠምም። ብቻ ይህ የተሰረቀ ስፖኪዮ የሚገዛው ሰው ሁሉ የሚለው ነው። ስፖኪዮ ስገዛ የምከፍለው ላለፈው ስርቆት ብቻ ሳይሆን ለሚቀጥለውም ነው። እዚህስ? የዲቲ ካርቡሬተር ፈላጊ እንዳለው ያየ ነጋዴ ነገ የማንን በር እንደሚያንኳኳና ምን እንደሚል መገመት አይከብድም። ልዩነት አለ፤ ስርቆትና ማታለል እኩል አይደሉም፣ ይህኛው ማታለል መሆኑም አልተረጋገጠም። ግን ልዩነቱ እኔ የምመኘውን ያህል ሰፊ ሆኖ አላገኘሁትም። ሳልገዛ ወጣሁ።

ካርቡሬተሬን ይዤ ቶርኖ ቤት ሄድኩ። ሰውየው የተበላውን ጥርስ አስፍቶ፣ አዲስ ጥርስ አውጥቶበት፣ ከነሐስ አዲስ መቀመጫ ሊሠራልኝ ተስማማ። የመጀመሪያው ጠበበ። ሁለተኛው ልክ ነው፣ ግን በትንሹ ያልባል፤ ስለዚህ በቆምኩ ቁጥር የቤንዚኑን መክፈቻ እዘጋለሁ። ሦስተኛውን እየሠራ ነው።

ባለፈው ሳምንት ሴትዮዋ ደወሉ። ቁጥሬን ትቼላቸው ነበር። «ያ የምትፈልገው ዕቃ ተገኘ ወይ ልጄ?» አሉኝ። እንዳልተገኘ፣ ባለሙያ እየሠራልኝ እንደሆነ ነገርኳቸው። ደስ አላቸው። የእሳቸዋን አንድ ጎበዝ ልጅ እንደወሰዳት፣ ሲያስነሳት መጥቶ ሊያሳያቸው ቃል እንደገባላቸው አጫወቱኝ። አይቻት እንደሆነ አልጠየቁኝም። ያልተጠየቀ ሰው ዝም ቢል አልዋሸም ብዬ እዚሁ ጽሑፍ ላይ ተከራክሬያለሁ፤ ስልኩን ይዤ ያንኑ ለራሴ ስደግመው ግን እንደ ገበያው ቀላል አልሆነልኝም። እሳቸው ስለ ደብረ ብርሃን ብርድ እየነገሩኝ ነበር።