ሞተሩን ሳታስነሱ ደውሉ

ሁለተኛ ነገሥት ምዕራፍ 4 ከቁጥር 38 ጀምሮ ገልጣችሁ ቆዩልኝ። መጀመሪያ ግን አንድ ያሳፈረኝን ነገር ልናገር።

በኮንፈረንሱ ሰሞን ወንበር ለማመላለስ የአንድ ወንድማችንን የናፍጣ ፒካፕ ተዋስኩ። መንገድ ላይ ዴፍ ጎድሏል የሚል መብራት በራ። ከማደያ አንድ ጀሪካን ገዛሁ። የጭነት መኪና የምትነዱ ወንድሞች ከአሁኑ መሳቅ ጀምራችኋል፤ ሳቁ። የዴፉ ክዳን ሰማያዊ ነው፤ በዚያ መኪና ላይ ከናፍጣው ክዳን ጎን ነው ያለው። እኔ በስልክ እያወራሁ በናፍጣው ቀዳዳ ጨመርኩት።

ዴፍ ነዳጅ አይደለም። 32.5 በመቶው ዩሪያ ነው፣ የቀረው የተጣራ ውሃ። የተሠራው ለጭሱ እንጂ ለሞተሩ አይደለም። በቦታው ሲገባ የጭሱን መርዝ ይቀንሳል፤ ናፍጣ ውስጥ ሲገባ ግን አይዋሃድም። ስለሚከብድ ወደ ታች ይዘቅጣል፤ ፖምፓው ደግሞ የሚስበው ከታች ነው። ሲደርቅ እንደ ጨው ይጋግራል፣ ብረት ይበላል፣ ኢንጀክተር ይደፍናል።

ጀሪካኑ ሲጋመስ ነቃሁ። እዚህ ላይ ስሙኝ፤ አውቄያለሁ። ስልኩም በእጄ ነበር። ግን ምን ይሉኛል አልኩ። ፓስተር ሆኜ፣ የሰው መኪና ይዤ፣ ጉባኤው ሊጀመር 1 ሰዓት ቀርቶት! ናፍጣ ብጨምርበት ይቀላቀላል ብዬ ቁልፉን አዞርኩት። ብዙም ሳልሄድ አውራ ጎዳና ዳር ቆመ፤ በጎታች መኪና ተወሰደ። ወንድማችን አልተቆጣኝም፤ እሱ ነው የባሰብኝ። «ፓስተር፣ ሳያስነሱት ቢደውሉልኝ ሰልባቲዮውን አውርደን አጥበን እንመልሰው ነበር። አሁን መስመሩ ውስጥ ሁሉ ገብቷል» አለኝ።

ወደ ጌልገላ እንሂድ። ረሀብ ነው። አንዱ ወጥቶ የማያውቀውን የዱር ፍሬ በልብሱ ሞልቶ አመጣና ምንቸቱ ውስጥ ከተፈው። ክፋት አልነበረበትም፤ ወንድሞቹን ሊያበላ ነው። በእኛም ቤት ብዙ ጊዜ የሚገባው እንዲሁ ነው። አገር ቤት ላሉት ለመላክ ተብሎ ለሚስት ያልተነገረ ብድር። የሥራ ድካም ለማሳለፍ ተብሎ ሌሊት ለብቻ የተከፈተ ስልክ።

እነዚያ ሰዎች ግን ገና ሲቀምሱት በኤልሳዕ ፊት ጮኹ። እኛ ብንሆን? ነቢይ ተቀምጦ፣ ሰው ደክሞበት፣ «እጅሽ ይባረክ» ብለን እንውጠው ነበር። ይሉኝታ ስንቱን ቤት ጨርሷል! የከተፈው ሰው ሲሰደብ አናነብም፤ ስሙ እንኳ አልተጻፈም። ኤልሳዕ ዱቄት አስመጥቶ ጨመረበት። ምንቸቱም አልተደፋም፤ ያው ወጥ ለሕዝቡ ቀረበ።

ወንድሜ፣ እህቴ፣ ሰልባቲዮህ ውስጥ፣ ሰልባቲዮሽ ውስጥ የገባውን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ገና ካላስነሳችሁት ዛሬ ተናገሩ። «ፓስተር፣ እኔ ካስነሳሁት ቆየሁ» የምትሉ ደግሞ አላችሁ። ያ ፒካፕ ብዙ ወጪ ቢጠይቅም ተሠርቷል፤ ዛሬ የተቀመጣችሁባቸውን ወንበሮች ያመጣው እሱ ነው። ከአገልግሎቱ በኋላ እኔና ሽማግሌዎች ታች ባለችው ክፍል እንቆያለን፤ የሰማነው ከዚያ አይወጣም። እንጸልይ።