ከገላባት ድልድይ በፊት ያለችው ሌሊት

ልጆቼ፣ በየብስ ወደ ሱዳን የሚሻገር ሰው ከጎንደር ተነስቶ፣ አይከልንና ገንዳ ውሃን አልፎ መተማ ዮሐንስ ይደርሳል። ከፊቱ አጭር ድልድይ፣ ከድልድዩ ማዶ ገላባት አለች። አብዛኛው መንገደኛ የደረሰ ዕለት አይሻገርም፤ አንድ ሌሊት ማደር ይኖርበታል። ስለ ፓስፖርትና ስለ ቪዛ የሚመክራችሁ አታጡም። ስለዚያች አንድ ሌሊት ግን የሚነግራችሁ ጥቂት ነው። እኔ በዚህ መስመር ከነጋዴና ከሹፌር ጋር ብዙ ዘመን ተመላልሻለሁና የማውቀውን ልንገራችሁ። ዋናውን ላስቀድም፦ የምታድሩበትን ቤት ራሳችሁ ምረጡ፤ ሒሳቡንም ራሳችሁ ክፈሉ። የአልጋችሁን ሒሳብ ሌላ ሰው ከከፈለላችሁ፣ በማግስቱ ወዴት እንደምትሄዱ የሚወስነው እሱ ነው።

መተማና ገላባት ባሕር የሌላቸው ወደቦች ናቸው። ድሮ ከዳርፉርና ከዚያም ወዲያ ካለው ምዕራብ አፍሪካ ተነስተው ለሐጅ በእግራቸው የሚጓዙ ሙስሊሞች በዚህ አልፈው ወደ ጎንደር ይወጡ፣ ከዚያ ምፅዋ ወርደው ቀይ ባሕርን በጀልባ ይሻገሩ ነበር። ከእነዚህ ተጓዦች መካከል ተክሩር የሚባሉት እዚያው ቀርተው መንደር መሠረቱ፤ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቡናውም፣ ጥጡም፣ ሰሙም፣ ያሳዝናል፣ ሰውም ሳይቀር የሚሸጥበት ትልቅ ገበያ ሆነ። አፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1881 ከሱዳን ደርቡሾች ጋር ሲዋጉ የወደቁት በዚሁ ምድር ነው፤ የእኛዋ ከተማ ስማቸውን ይዛ ቀርታለች። ይህን ያህል ዘመን በእንግዳ የኖረ ስፍራ እንግዳ ማስተናገዱንም፣ እንግዳን መበዝበዙንም ያውቅበታል። ደጉም ክፉውም እዚያው ጎን ለጎን አለ።

አልጋ ከመምረጣችሁ በፊት የምትመልሱት አንድ ጥያቄ አለ፦ መሄድ አለባችሁ ወይ? ሱዳን ከሚያዝያ 7 ቀን 2015 ጀምሮ ጦርነት ላይ ናት። ጦርነቱ እንደፈነዳ ከካርቱም የሸሹ የብዙ ሀገር ሰዎች በገላባት በኩል ወደ መተማ ጎረፉ፤ አልጋ ጠፍቶ ሜዳ ላይ ያደረው ብዙ ነበር። መተላለፊያውም ቢሆን የሚታመን አይደለም። በሰኔ 2014 ሱዳን ዘግታው በሐምሌ ከፈተችው። በነሐሴ 2016 መጨረሻ ደግሞ መተማ ዮሐንስ ላይ ውጊያ ተነስቶ እንደገና ተዘጋ። እንግዲህ «ማዶ ሥራ አለ» በሚል ወሬ ብቻ የተነሳችሁ ካላችሁ፣ አባታዊ ምክሬ አንድ ነው፦ አትሂዱ። ንግድ ወይም ቤተሰብ የግድ የሚላችሁ ደግሞ ጎንደር ሳላችሁ መንገዱ ክፍት መሆኑን፣ ድልድዩም ሰው እያሳለፈ መሆኑን አረጋግጡ። የምትጠይቁት በዚያው ቀን ከመተማ የገባ ሹፌርን ነው፤ «ችግር የለም፣ እኔ አሳልፋችኋለሁ» የሚለውን ሰው አይደለም። መንገዱ ከተዘጋ ጎንደር ሆናችሁ ጠብቁ። አየሩ ወይና ደጋ ነው፣ ሆስፒታል አለ፣ ዘመድም አይጠፋም። መተማ ላይ ተቀምጦ የድልድዩን መከፈት የሚጠብቅ መንገደኛ ስንቁ ባለቀ ቀን የደላላ ሲሳይ ይሆናል።

ቀጥሎ የሰዓት ነገር። ከሱዳኑ የሱዋኪን ወደብ ወደ ጅዳ በመርከብ የሚሄድ መንገደኛ አንድ ቀን ቀድሞ ወደቡ ላይ ያድራል፤ መርከቡ እንደማይጠብቀው ያውቃልና። እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ከጎንደር በማለዳው መኪና ተነሱ፤ ወደ 200 ኪሎ ሜትር የሚሆነው መንገድ ኬላና ፍተሻ ስለማያጣው ከቀትር በኋላ የተነሳ ሰው በጨለማ ይደርሳል። በጨለማ የደረሰ ሰው ደግሞ ያገኘውን አልጋ ይይዛል እንጂ አይመርጥም። ከመሸባችሁ ገንዳ ውሃ እደሩና በማግስቱ በጊዜ ውረዱ፤ የዞን ከተማ ስለሆነች አልጋም ሕክምናም አታጡባትም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ!

ቀኑንም ምረጡ። በሱዳን የመንግሥት ሥራ ዝግ የሚሆነው ዓርብና ቅዳሜ ነው፤ የእኛ ደግሞ ቅዳሜና እሑድ። ሐሙስ ማታ መተማ የገባ ሰው አራት ሌሊት ሊከፍል ይችላል። ሰዓቱም ይለያያል፤ ሱዳን በጥቅምት 2010 ሰዓቷን ስለቀየረች ገላባት ከመተማ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ናት። እኛ ዘንድ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲሆን እዚያ ገና አንድ ሰዓት ነው፤ እነሱ ደግሞ ከእኩለ ሌሊት ስለሚቆጥሩ ሰባት ይሉታል። ማዶ ያለ ሰው «ሰባት ሰዓት እንገናኝ» ቢላችሁ ጠዋት ማለቱ ነው። ስለዚህ አልጋውን የምትከፍሉት ለአንድ ሌሊት ይሁን፤ በኪሳችሁ ግን ለተጨማሪ ሦስት ሌሊት የሚበቃ ገንዘብ ይኑር። ያ ገንዘብ ድንበሩ ቢዘጋ ወደ ጎንደር መመለሻችሁም ነው፤ አትንኩት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልመለስ። መኪናው ቆሞ ስትወርዱ ሻንጣችሁን ለመቀበል የሚሽቀዳደሙ ወጣቶች ታገኛላችሁ። ብዙዎቹ ከባለ ሆቴሉ ጥቂት ብር ለማግኘት የሚለፉ ምስኪኖች ናቸው፤ በክፉ አትመልሷቸው። አንዱ ግን ዋጋ አይነግራችሁም። «አልጋው ተይዟል፣ ለሒሳቡ አታስቡ» ይላችኋል። ስማችሁን ያውቅ ይሆናል፤ ከጎንደር ወይም ከአዲስ አበባ ተደውሎለታል። ቤቱ ብዙ ጊዜ ከዋናው መንገድ ገባ ያለ ነው፤ ምልክት የለውም፣ መታወቂያም አይጠየቅበትም። አንድ ክፍል ውስጥ ብዙ ልጆች ፍራሽ መሬት ላይ አንጥፈው ተኝተው ታያላችሁ፤ በሩ ከውጭ ይዘጋል። ራትም በነፃ ይመጣል።

ያ አልጋ ነፃ አይደለም፤ ቀብድ ነው። የአልጋው፣ የራቱ፣ የመኪናው እየተባለ በስማችሁ ይመዘገብና ሱዳን ገብታችሁ ገዳሪፍ ወይም ካርቱም ስትደርሱ፣ ወይም ሊቢያ በረሃ ውስጥ፣ እጥፍ ድርብ ሆኖ ይጠየቃል። ያኔ ስልክ የሚደወለው ለእናታችሁ ነው፤ የሚሸጠውም የአባታችሁ በሬ ነው። ወደ ሊቢያ ከሚወስዱት መንገዶች አንዱ በዚህች ድልድይ ያልፋል። በሚያዝያ 2007 በሊቢያ የተገደሉትን ወንድሞቻችንን ሀገሩ ሁሉ አልቅሶላቸዋል፤ ያን ለቅሶ የሰማ ወጣት «ለሒሳቡ አታስብ» የሚለውን ቃል ሲሰማ እግሩን መሰብሰብ አለበት። ሰውን ለእንዲህ ያለ ንግድ ተቀብሎ ማሳደርም በሀገራችን ሕግ ወንጀል ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 1178/2012 ያስቀጣል።

ታዲያ ደህናው ቤት በምን ይታወቃል? በዋናው መንገድ ላይ ነው፤ ስሙ በግልጽ ተጽፏል። ዋጋውን ሳትገቡ ይነግሯችኋል፤ መታወቂያ አይተው መዝገብ ላይ ይጽፉና ወዲያው ይመልሱላችኋል፤ ለከፈላችሁትም ደረሰኝ ይሰጣሉ። የጭነት መኪና ሹፌሮችና የሰሊጥ ነጋዴዎች ያድሩበታል። እነዚህ ሰዎች በየሳምንቱ ስለሚመላለሱ የሚዘርፍ ቤት አይደግሙም፤ የእነሱን ፈለግ ተከተሉ። ባለቤቱ የት እንደምትሄዱ ደጋግሞ የማይጠይቃችሁ፣ መንገድ ልሽጥላችሁ የማይላችሁ ከሆነ ቤታችሁን አገኛችሁ። ድልድዩ አፍ ላይ ካልሆነ ብላችሁ ግን አትጨነቁ። እዚያ ሌሊቱን ሙሉ የመኪና ድምፅና ግርግር አለ፤ ወደ መሀል ከተማው ብታድሩ ጠዋት ባጃጅ ያደርሳችኋል።

ክፍሉን ሳታዩ አትክፈሉ። መተማ ከጎንደር ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ዝቅ ያለች ቆላ ናት፤ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ሙቀቱ 40 ዲግሪ ያልፋል። ቬንትሌተሩን አስነስታችሁ እዩ፤ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ይኑር አይኑር ጠይቁ። በርሜሉ ውስጥ ውሃ መኖሩን ክዳኑን ከፍታችሁ ተመልከቱ። የበሩ መቀርቀሪያ ከውስጥ የሚይዝ መሆኑን በእጃችሁ ሞክሩ። አጎበሩን ወደ መብራቱ ዘርግታችሁ ቀዳዳውን ፈልጉ፤ ቀዳዳው ጣት የሚያሳልፍ ከሆነ መርፌና ክር አምጡ በሉ፣ ወይም ሌላ አጎበር ጠይቁ። ከሁሉ የሚሻለው በመድኃኒት የተነከረ አጎበር ከቤት ይዞ መምጣት ነው።

ይህን አጥብቄ የምናገረው በምክንያት ነው። በዚያ ቆላ፣ በተለይ ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ ወባ ይበረታል። ከወባ ያልተናነሰው ደግሞ ካላ አዛር ነው። የሚያስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ከወባ ትንኝ እጅግ ያነሰ ስለሆነ በተራ አጎበር ቀዳዳ ይሾልካል፤ የሚያግደው መድኃኒቱ ነው። ዝንቡ በበጋ በሚሰነጣጠቀው መረሬ አፈርና በግራር ዛፍ አካባቢ ይራባል፤ የሚነክሰውም ከምሽት እስከ ንጋት ነው። በሙቀቱ ወራት በመተማ አልጋ ወደ ግቢ ይወጣል፤ ነፋሱ ደስ ይላል። እናንተም ውጡ፤ ነገር ግን አጎበራችሁን ይዛችሁ፣ አጥርና ዘበኛ ባለበት ግቢ ይሁን፤ ከግራር ሥር ግን በጭራሽ አትተኙ። ከወራት በኋላ እንኳ ከሁለት ሳምንት በላይ የማይለቅ ትኩሳት ቢይዛችሁ፣ ብትከሱ፣ በግራ ጎናችሁ ሆዳችሁ ቢያብጥ፣ ለሐኪሙ «መተማ አድሬ ነበር» በሉት። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ይህን በሽታ የሚያክም ማዕከል አለው። በ1997 ሊቦ ከምከም ላይ የተነሳውን ወረርሽኝ ወደ ቆላ ለሥራ ወርደው የተመለሱ ሰዎች ሳያመጡት እንዳልቀረ ባለሙያዎች ገምተዋል። አንድ ሰው ተኝቶ የተነከሰው ንክሻ መንደር ሊያጠፋ ይችላል።

ሴት ልጆቼ፣ ለእናንተ የምጨምረው አለ። ብቻችሁን ከሆናችሁ ሴት የምታስተዳድረውን ቤት አስቀድሙ፤ መጠጥ ቤት ያልተያያዘው ይሁን። «አንቺ እዚህ፣ ጓደኛሽ እዚያ» ብሎ ሊለያያችሁ የሚሞክርን ሰው እንቢ በሉ፤ አንድ ክፍል ውስጥ ተጣብቦ ማደር ይሻላል። የቤቱን ስምና የባለቤቱን ስልክ ለቤተሰብ ደውላችሁ ተናገሩ፤ ስትናገሩም ባለቤቱ ፊት ይሁን። ተጠያቂ እንዳለው ያወቀ ሰው እጁን ይሰበስባል። ገዳሪፍ ሻይ ቤት ወይም የቤት ሥራ ተገኝቶልሻል የምትላችሁ ሴትም ብትሆን፣ ፓስፖርታችሁን ካልያዝኩ ካለች ደላላ ናት።

ፓስፖርታችሁን ለማንም በመያዣነት አትስጡ፤ ስትተኙም ከገላችሁ አይለይ። ገንዘባችሁን ሁለት ቦታ ከፋፍላችሁ ያዙ። ማታ ክፍላችሁ ድረስ መጥቶ የሱዳን ፓውንድ ልመንዝር ለሚል በር አትክፈቱ። የቢጫ ወባ ክትባት አንድ ጊዜ ከተወሰደ ዕድሜ ልክ ያገለግላል፤ ግን የሚጸናው ከተወጋችሁ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ መተማ ደርሶ ማሰብ ዋጋ የለውም። አረቄ በሻንጣ ይዛችሁ እንዳትሻገሩ፤ ማዶ ሕጉ ሌላ ነው።

ከተሻገራችሁም በኋላ ገላባት ማደርን አታስቡ። ገዳሪፍ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ በማለዳ የተሻገረ ሰው በቀን ይደርሳል። እዚያ ሎካንዳ የሚሉት ርካሽ ማደሪያ ነው፤ በግቢው በጠፍር የተሠራ አልጋ፣ አንገረብ፣ ተደርድሮ ታገኙታላችሁ። ምክሩ ያው ነው፦ ዋጋውን ጠይቁ፣ ራሳችሁ ክፈሉ፣ ወረቀታችሁን አትልቀቁ። የውጭ ሀገር ሰው በገባ በሦስት ቀን ውስጥ ፖሊስ ዘንድ መመዝገብ እንዳለበትም አትርሱ።

ልጆቼ፣ ያቺ ሌሊት የምትጠቅመው ለእንቅልፍ ብቻ አይደለም። ገና ሀገራችሁ ውስጥ ናችሁ፤ ቋንቋው የእናንተ ነው፣ ሕጉም የእናንተ ነው፣ ወደ ጎንደር የሚመለሰው መኪናም ጠዋት ይነሳል። ሒሳቡን ራሱ የከፈለ ሰው ጠዋት ተነስቶ «አልሻገርም» ቢል የሚይዘው የለም። ሰው የከፈለለት ግን ይህን መብቱን ማታውኑ ሸጦታል። ይህን መብት ሳትሸጡ ተሻገሩ፤ ልባችሁ ካልፈቀደም ሳታፍሩ ተመለሱ። ከመተማ የተመለሰ ልጅ ለእናቱ ሙሉ ነው።

ወጥታችሁ ለመግባት ያብቃችሁ፤ የምታድሩበትን ቤት የደግ ሰው ቤት ያድርግላችሁ።