ፍርስራሽ ርስት ያወርሳል?

ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ምኒልክ በእንጦጦ ማርያም፣ በአቡነ ማቴዎስ እጅ ተቀብተው ንጉሠ ነገሥት ሆኑ። ወደዚያ ብርዳም ተራራ የወጡት ለምሽግነት ስለሚመች ብቻ አልነበረም። በላዩ የተገኘው የድሮ ፍርስራሽ የቀደሙ ነገሥታት ከተማ ነው ተብሎ ስለታመነ፣ መናገሻቸውን ሲተክሉ የአባቶቻቸውን እያቀኑ እንደሆነ ተሰምቷቸዋል።

በዚያው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1881 ጀምሮ፣ ፈረንሳዮች አልጄሪያ ውስጥ ቲምጋድን ይቆፍሩ ነበር። ከተማዋን እ.ኤ.አ. በ100 ለጡረተኛ ወታደሮች ያስቆረቆራት የሮሙ ንጉሠ ነገሥት ትራያን ነው። ከአሸዋው ሥር ቀጥ ያሉ መንገዶች፣ ቲያትር፣ የጋሪ ጎማ የቦረቦረው የድንጋይ ንጣፍ ወጣ። ቅኝ ገዥዎቹም «ሮም እዚህ ነበረች፣ ወራሾቿ እኛ ነን» ወደሚል ስሌት ገቡ። የአገሩ ነባሮች በርበሮች ከሮም በፊትም በኋላም እዚያው መኖራቸው ከስሌቱ ወጣ። ሙሶሊኒም በዚሁ የሮም ወራሽነት ስም ጦሩን አዝምቶ የአክሱምን ሐውልት አስወሰደ፤ የተመለሰልን በ1997 ዓ.ም. ነው።

የርስት ሙግት ለሚያውቅ አበሻ ነገሩ እንግዳ አይደለም። ተሟጋቹ ዘሩን እየቆጠረ አቅኚው አባት ዘንድ ይደርስ ነበር። ያም ሆኖ በርስት ሙግት ምስክሩ መስቀለኛ ጥያቄ ይጠየቅ ነበር። ድንጋይ ማን ይጠይቀዋል?

መጽሐፍ ቅዱስም ርስት ይገባኛል ለሚለውም ለሚሟገተውም ጥቅስ አያሳጣም። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 25 በኢዮቤልዩ ዓመት ርስት ለቀድሞ ባለቤቱ ይመለስ ሲል፣ እዚያው ምዕራፍ ላይ ባለርስቱን ራሱን በእግዚአብሔር መሬት እንግዳ ያደርገዋል። ከሁለቱ የሚከብደው ሁለተኛው ነው፤ ያለ እርሱ የመጀመሪያው የጉልበተኛ መሣሪያ ይሆናል።

ዛሬ የእንጦጦው ክርክር «በራራ» በሚል ስም ተነሥቷል። በ1450 እ.ኤ.አ. ገደማ በተሠራው የፍራ ማውሮ ካርታ ላይ የሚታየውን ይህን የነገሥታት ከተማ፣ ሪቻርድ ፓንክረስትና ሃርትቪግ ብሬተርኒትዝ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት እዚሁ አካባቢ ፈልገውታል። በተራራው ላይ ያለው ባለአምስት ማዕዘን የግንብ ፍርስራሽም አብሮ ይነሣል። አንዱ ወገን ማስረጃ ተገኘ ይላል፤ ሌላው ምኒልክ ሲወጡ ጉለሌ ኦሮሞ ይኖርበት እንደነበር ያስታውሳል። ሁለቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ፤ አንዱ ሌላውን አይሽርም። ግንብ ማን እንደኖረ ይመሰክር ይሆናል፣ ዛሬ ማን ይኑር ብሎ ግን አይፈርድም።

ስለዚህ እንጦጦ ላይ አካፋ የሚያነሣ ባለሙያ ወደ ነገሥታቱ ግንብ ሲወርድ፣ ከላይ ያለውን የእረኛውንና የገበሬውን አፈርም በእኩል ጥንቃቄ ይመዝግብ።