ኀዘንን መቻል ኀዘንን መደበቅ አይደለም

በአገራችን ልማድ ኀዘን የደረሰበትን ሰው ለማጽናናት የሚነገሩ ቃላት ብዙዎች ናቸው። «እግዚአብሔር ያጽናህ» እንላለን፤ «ቻለው» እንላለን፤ «ወንድ ልጅ አያለቅስም» የሚልም አይጠፋም። ከእነዚህ የመጀመሪያው ጸሎት ነው፤ ሁለተኛው ምክር ነው፤ ሦስተኛው ግን ስሕተት ነው። ዳሩ ግን ሦስቱም በአንድ ድንኳን ሥር ስለሚነገሩ፥ ሰሚው አንዱን ከሌላው ጋራ እየቀላቀለ መጽናት ማለት አለማልቀስ፥ መቻል ማለትም መደበቅ ይመስለዋል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ጥያቄ ይህ ነው፤ ኀዘን፥ ፍርሃት፥ ቍጣና ጭንቀት ከዐቅም በላይ ሆነው በመጡ ጊዜ ሰው ሊችላቸው የሚገባው እንዴት ነው?

ይህን ለማወቅ አስቀድሞ ሰው ምን እንደ ሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ሊቃውንቶቻችን ሲያስተምሩ ሰው ከሰባት ባሕርያት የተገኘ ነው ይላሉ፤ አራቱ የሥጋ ናቸው፥ እነርሱም መሬት፥ ውኃ፥ እሳትና ነፋስ፤ ሦስቱ የነፍስ ናቸው፥ ይኸውም ልባዊነት፥ ነባቢነትና ሕያውነት ነው። የትምህርቱ ፍሬ ነገር ሥጋና ነፍስ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ጎረቤቶች ሳይሆኑ አንድ ሰው መሆናቸው ነው። ስለዚህ ነፍስ ባዘነች ጊዜ ሥጋ እንቅልፍ ያጣል፥ እህል ይጠላል፤ ሥጋም በደከመ ጊዜ ነፍስ ተስፋ ለመቍረጥ ትቀርባለች። የዘመናችንም ሐኪሞች የሚነግሩን ከዚህ የራቀ አይደለም። ሰው በደነገጠ ጊዜ ከኵላሊቶቹ በላይ ካሉት ዕጢዎች አድሬናሊንና ኮርቲዞል የሚባሉት ቅመሞች ወደ ደሙ ይገባሉ፤ ልብ ይፈጥናል፥ ትንፋሽ ያጥራል፥ ጡንቻ ይወጠራል። ይህ ሁሉ በሌሊት ጅብ ለገጠመው መንገደኛ ማምለጫ ኃይል ነው። ነገር ግን ጅቡ ከሄደ በኋላ ያው ኃይል ለሳምንትና ለወር ያልበረደ እንደ ሆነ የተሸከመውን ሰው ራሱን ያደክመዋል።

እንግዲህ የስሜት መነሣት የተፈጥሮ ነገር ከሆነ ኀጢአት ሊባል አይችልም። የመነኮሳት መጻሕፍት የሚባሉት ማር ይስሐቅ፥ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ በትምህርት ቤቶቻችን ሲተረጐሙ አጥብቀው ከሚያስተምሩት ነገር አንዱ የልብን አሳብ መጠበቅ ነው። መጠበቅ ማለት ደግሞ አሳብ ከቶ እንዳይመጣ ማድረግ አይደለም፤ ይህ ለሰው አይቻለውምና። አሳብ በልብ መምጣቱ አንድ ነገር ነው፤ ልብ አሳቡን ወድዶ መቀበሉና በሥራ መፈጸሙ ሌላ ነገር ነው። የተቈጣ ሰው ሁሉ አልበደለም፤ በቍጣው ልጁን የመታ ግን በድሏል። ያዘነ ሰው ሁሉ ተስፋ አልቈረጠም፤ ኀዘኑን ማንም እንዳያይበት የዘጋ ሰው ግን ወደ ተስፋ መቍረጥ በሚወስድ መንገድ ላይ ቆሟል።

መጽሐፍ ቅዱስም ይህንኑ በታሪክ ያሳየናል። ነቢዩ ኤልያስ ከኤልዛቤል ፊት ሸሽቶ በክትክታ ዛፍ ሥር ሞትን በለመነ ጊዜ የተላከለት መልአክ አልገሠጸውም፤ የጋገረ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፥ አበላው፥ እንዲተኛም ተወው፤ ሁለተኛም ቀስቅሶ አበላው። ከዚያ በኋላ እስከ ኮሬብ አርባ ቀን ተጓዘ፤ የእግዚአብሔርንም ቃል የሰማው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ሥርዓቱን አንባቢ ልብ ይበል፤ መጀመሪያ እንቅልፍና እህል፥ ቀጥሎ መንገድ፥ በመጨረሻ ቃል። እኛ ግን ብዙ ጊዜ ይህን ገልብጠን ላልተኛና ላልበላ ሰው ረዥም ስብከት እንሰብካለን። የኢዮብም ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ቃል ሳይናገሩ በመሬት ላይ አብረውት በተቀመጡ ጊዜ መልካም አደረጉ፤ ስሕተታቸው የጀመረው አፋቸውን ከፍተው የመከራውን ምክንያት ለማስረዳት በተነሡ ጊዜ ነው። ጌታችንም አልዓዛርን እንደሚያስነሣው እያወቀ በመቃብሩ አጠገብ አለቀሰ። እንግዲህ የትንሣኤ ተስፋና ዕንባ የሚጣሉ ቢሆኑ ኖሮ እርሱ ባላለቀሰ ነበር።

በከተማችን በአዲስ አበባ ይህን ነገር በግልጥ ያየንበት ጊዜ ቅርብ ነው። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. እሑድ ጧት፥ በዐቢይ ጾም ወራት፥ ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን፥ የበረራ ቍጥር 302፥ ከተነሣ ከስድስት ደቂቃ በኋላ በቢሾፍቱ አቅራቢያ ወደቀ፤ 149ኙ መንገደኞችና 8ቱ የአውሮፕላኑ ሠራተኞች፥ በድምሩ 157 ሰዎች ሞቱ። ከሠላሳ በላይ ከሆኑ አገሮች የመጡ ነበሩ። የሟቾቹን አስከሬን ለይቶ ለማወቅ ወራት የሚፈጅ ምርመራ ስላስፈለገ ለቤተ ሰቦቻቸው አውሮፕላኑ ከወደቀበት ስፍራ የተወሰደ ዐፈር ተሰጣቸው። በሳምንቱም እሑድ፥ መጋቢት 8 ቀን፥ በመንበረ ጸባኦት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በሰንደቅ ዓላማ የተሸፈኑ 17 ባዶ የሬሳ ሣጥኖች ቀርበው ጸሎት ተደረገ፤ ዘመድ ወዳጅም የሟቾቹን ፎቶግራፍ ይዞ አለቀሰ።

በባዶ ሣጥን ላይ ማልቀስ ከንቱ ነው የሚል ፈላስፋ ቢነሣ ምን እንመልስለታለን? ሣጥኑ ባዶ መሆኑን ያልቀሰሰም ያልተማረም ሁሉ ያውቅ ነበር፤ ማንም ማንንም አላታለለም። ነገር ግን ኀዘን ቦታ ይፈልጋል፤ ቀንም ይፈልጋል፤ አብሮ የሚቆም ሰውም ይፈልጋል። እነዚህን ሦስቱን ያጣ ኀዘን አይጠፋም፤ በቤት ውስጥ፥ በሥራ ላይ፥ በመኝታም ያለ ቦታው ይገኛል እንጂ። ያ ዐፈርና ያ ሣጥን የሟቾቹን ሥጋ ባይተኩም ለኀዘኑ ቦታ ሰጡት።

አባቶቻችን የሠሩልን የኀዘን ሥርዓት ምስጢርም ይህ ነው። ሙታን በሦስት፥ በሰባት፥ በዐሥራ ሁለት፥ በሠላሳ፥ በአርባ፥ በሰማንያ ቀን፥ በመንፈቅና በዓመት፥ ከዚያም በሰባት ዓመት ይታሰባሉ። ይህ በመጀመሪያ ስለ ሞተው ሰው ነፍስ የሚደረግ ጸሎት ነው። ነገር ግን ለሕያዋኑም ጥቅም አለው፤ ኀዘንተኛውን «ዛሬ አልቅስ» ይለዋል፥ ደግሞም «ከዛሬ በኋላ ወደ ሥራህ ተመለስ፥ በአርባው እንገናኛለን» ይለዋል። ኀዘንን አይከለክልም፤ ልክ ይሰጠዋል እንጂ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ2022 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች ዝርዝር ከልክ ያለፈ ኀዘንን እንደ ሕመም ሲቈጥር፥ ቢያንስ ስድስት ወር እስኪያልፍ መጠበቅ እንደሚገባ ወስኗል። አንዱ ከሌላው ተምሯል ማለታችን አይደለም፤ ነገር ግን ዘመናዊው ሐኪምም የኀዘንን ጊዜ በመንፈቅ መለካቱ ልብ ሊባል የሚገባው ነው።

ዛሬ ግን ይህ ልክ በብዙ ሰው ኑሮ እየተሰበረ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ፥ ቍጥር 1156/2011፥ የቅርብ ዘመድ ለሞተበት ሠራተኛ ሦስት የሥራ ቀን ዕረፍት ይፈቅዳል። ሕጉ ለሥራው ይበቃ ይሆናል፤ ልብ ግን በሦስት ቀን አይፈጽምም። በሰሚት፥ በአያትና በየካ አባዶ በተሠሩት የጋራ መኖሪያ ቤቶች ከየሰፈሩ የመጡ ሰዎች በአንድ ደረጃ እየወጡና እየወረዱ ስማቸውን ሳይተዋወቁ ይኖራሉ፤ ዕድር ያልገባ፥ በሩንም የሚያንኳኳለት ያጣ ብዙ ነው። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ በመጣ ጊዜ ደግሞ መሰብሰብ በአዋጅ ስለ ተገደበ፥ ድንኳን ጥሎ መቀመጥ ቀርቶ እጅ መጨባበጥ እንኳ የሚያስፈራ ሆነ፤ ያን ጊዜ ለብቻው ያዘነ ሰው ኀዘኑን እስከ ዛሬ ያልጨረሰ ሊሆን ይችላል። በጧት በቦሌ መድኃኔ ዓለም ደጅ የቆመ ሰው፥ የሥራ ልብሳቸውን የለበሱ ሰዎች በጥድፊያ ተሳልመው፥ ዕንባቸውን በእጃቸው ጠርገው ወደ ታክሲ ሲሮጡ ያያል። ለእግዚአብሔር መንገራቸው መልካም ነው፤ ነገር ግን ከደጁ ወጥተው በምድር ላይ የሚነግሩት አንድ ሰው ከሌላቸው ሸክማቸው አልቀለለም።

እንዲህ የተደበቀ ስሜት መውጫ ሲያጣ ክፉ መውጫ ይፈልጋል። አንዱ በመጠጥ ይረሳ ይመስለዋል፤ መጠጥ ግን ለጊዜው አስተኝቶ እኩለ ሌሊት ላይ ከቀድሞው የባሰ ጭንቀት ይዞ ያነቃል። ሌላው ጫት ይዞ ሌሊቱን በአሳብ ይፈጃል። ሌላው ቍጣውን ምንም ባላጠፉ ልጆቹ ላይ ያፈስሳል። ሌላውም ሥራ አብዝቶ ዕረፍትን ይሸሻል፤ ይህኛው እንዲያውም ስለሚመሰገንበት ከሁሉ ይልቅ የማይታወቅ ነው። በአንጻሩ ደግሞ ፊትን መንጨት፥ ደረትን መድቃት፥ ዓመታት እስኪያልፉ ከቤት አለመውጣት ከልክ ያለፈ ነው፤ ቤተ ክርስቲያንም ይህን ስትነቅፍ ኖራለች። መደበቅም ያለ ልክ መልቀቅም ሁለቱ መቻል አይደሉም።

ታዲያ የሚገባው መንገድ ምንድር ነው? አንደኛ፥ ስሜትን በስሙ መጥራት ነው። «ደኅና ነኝ» ከማለት «ፈርቻለሁ»፥ «አዝኛለሁ»፥ «ተቈጥቻለሁ» ብሎ ለነፍስ አባት፥ ለትዳር ጓደኛ ወይም ለታመነ ወዳጅ መናገር የመዳን መጀመሪያ ነው። ሁለተኛ፥ እንደ ኤልያስ ሥጋን መንከባከብ ነው፤ በጊዜ መተኛት፥ እህል መቅመስ፥ በእግር መሄድ፤ ጭንቀትም በተነሣ ጊዜ ትንፋሽን በዝግታ ስቦ ከሳቡት ይልቅ አርዝሞ መልቀቅ ልብን ያበርዳል። ሦስተኛ፥ በስሜት ግለት ውሳኔ አለመወሰን ነው፤ ሥራ መልቀቅ፥ ቤት መሸጥ፥ ትዳር ማፍረስ ልብ እስኪበርድ መቈየት ይችላሉ። አራተኛ፥ ለጸሎት፥ ለሥራና ለኀዘን ለየራሳቸው ሰዓት መስጠት ነው። አምስተኛ፥ ማኅበርን፥ ዕድርንና ጎረቤትን አለመሸሽ ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ሰው ለሳምንታት እንቅልፍ ካጣ፥ ሥራውን መሥራት ካቃተው፥ ይልቁንም ሞትን መመኘት ከጀመረ፥ ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ሊሄድ ይገባል፤ ሞትን የሚመኘውንም ቤተ ሰቡ ለብቻው ሊተወው አይገባም። በከተማችን በአማኑኤል ሆስፒታል፥ በምሥራቁም ወገን በየካ ኮተቤ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። «ወደ ሐኪም መሄድ እምነትን ማጕደል አይደለምን?» ብለው የሚጠይቁ አሉ። አይደለም። ወንጌላዊው ሉቃስ ሐኪም ነበረ፤ መጽሐፈ ሲራክም ሐኪም እንዲከበር ያዝዛል። ጠበል የሚጠመቅ ሰው ለተሰበረ እግሩ ወጌሻ መጥራቱን ማንም አይነቅፈውም፤ ለተሰበረ ልቡ ሐኪም ቢጠራ ስለ ምን ይነቀፋል? ጠበሉም መድኃኒቱም የአንድ አምላክ ስጦታ ናቸው፤ ስለዚህ አንዱን ለመያዝ ሌላውን መጣል አይገባም።

ከከተማችን በስተምሥራቅ ያለውን የለገዳዲን ግድብ ያየ ሰው ነገሩን በቀላሉ ያስተውለዋል። ግድብ የተሠራው ውኃን ለመያዝ ነው፤ ነገር ግን ትርፉ ውኃ የሚወጣበት መንገድ ያልተሠራለት ግድብ በክረምት ይሰበራል፤ ከታቹ ያለውንም ያጠፋል። በልኩ የሚለቅ ግድብ ግን ውኃውን ይዞ በበጋ ከተማን ያጠጣል። ሰውም እንዲሁ ነው። መቻል ማለት መያዝና በልክ መልቀቅ ነው።

እናንተም ኀዘንተኛን የምትጠይቁ ምእመናን ሆይ፥ «ቻለው» ከማለታችሁ በፊት አብራችሁት ተቀመጡ። እህል አቅርቡለት፤ ሊናገር ሲወድ ስሙት፤ ሊያለቅስ ሲወድ አትከልክሉት። ድንኳኑ ከተነሣ በኋላም፥ ሰው ሁሉ በተበተነበት በዐሥረኛውና በሃያኛው ቀን በሩን አንኳኩ፤ ጸጥታ የሚከብደው ያን ጊዜ ነውና። እግዚአብሔር አምላካችን ላዘኑት መጽናናትን፥ ለተጨነቁት ዕረፍትን፥ ለእኛም የሌላውን ሸክም የምናይበትን ዐይን ይስጠን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።