ደላላው የማይነግራችሁ

ልጆቼ፣ «ደላላ» የምንለው ቃል ከዓረብኛ የመጣ ነው። በዚያ ቋንቋ ሥሩ መንገድ ማሳየት ነው፤ «ደሊል» መሪ፣ «ደላል» ደግሞ ገዥና ሻጭን የሚያገናኝ ሰው ነው። በእኛ አማርኛ ግን «ደለለ» ስንል ሸነገለ፣ አባበለ ማለታችን ነው፤ አፍ ማስያዣውንም «መደለያ» እንለዋለን። የከብት ተራውን ደላላ ግን አልነካውም፤ እሱ በሬውን አቁሞ፣ ከንፈሩን ገልጦ ጥርሱን ያሳያችኋል። እኔን የሚያሰጋኝ ዕቃው የማይታየው፣ በስደት የሚደልለው ደላላ ነው።

ወደ ተራራው፣ ቡይት ራስ ላይ እንግዳ ይዞ የሚወጣ አስጎብኚ አብሮ ይሄዳል። ብርዱ እሱንም ይመታዋል፤ አፋፉ ላይ ሲደርሱም ቀድሞ የሚቆመው እሱ ነው። ከደባርቅ ወደ መተማ የሚሸኛችሁ ደላላ ግን ከመናኸሪያው አያልፍም። ድንበር ማዶ ገላባት ላይ ሌላ ይረከባችኋል፤ ያም ለሌላው ያስረክባችኋል።

«አሁን ሳንቲም አታወጣም፣ ስትደርስ ትከፍላለህ» ያላችሁ ቀን ጆሯችሁ ይቁም። መደለያው ይህ ነው። ሊቢያ ታግተው ማስለቀቂያ ከተጠየቀባቸው ልጆች ውስጥ በዚሁ ቃል ከቤት የወጡ አሉ። «ለእናትህ አትንገር» ይላል ደግሞ። ኋላ ስልኩ የሚደወለው ለማን ሆነና! ያን ጊዜ በሬውም ላሚቱም ይሸጣሉ፤ ያም ላይበቃ ይችላል።

አዋጅ ቁጥር 1178/2012 በሰው መነገድንና ሰውን በሕገወጥ መንገድ ድንበር ማሻገርን ወንጀል አድርጎታል። በሕጋዊ መንገድ ውጭ አገር ለሥራ የሚሄድ ሰው ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት የቪዛውንና የመጓጓዣውን ወጪ የሚሸፍንለት አሠሪው ነው። ኤጀንሲ ነኝ ያላችሁንም ሁሉ ፈቃድህን አሳየኝ በሉት። ከተቆጣ መልሱን አገኛችሁ።

አገር ውስጥ ነው ብላችሁም አትዘናጉ። ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ወደ መተማና ሑመራ የሚወርድ የደጋ ልጅ ብዙ ነው፤ መሄዱንም አልከለክልም፣ ሥራ ነው። ነገር ግን ዋጋውን ከራሱ ከባለእርሻው ጋር፣ ምስክር ባለበት ተነጋገሩ። ቆላው ወባ ብቻ ሳይሆን ካላዛር የሚባል በሽታም አለበት፤ ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በተለይ በምሽትና በሌሊት ትነክሳለች። አጎበር ሳትይዙ አትውረዱ። ከተመለሳችሁ በኋላ ትኩሳት ይዟችሁ ሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ሆዳችሁም በግራ በኩል ካበጠ፣ ቆላ ከርሜ ነበር ብላችሁ ለሐኪሙ ንገሩት። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ለዚሁ በሽታ ሕክምና ይሰጣል።